ያልቀጠነ ስም

መሐል ሜዳ ላይ፣ ከዩኒየኑ ቢሮ፣
አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ለሦስታችን አድሮ።
ጠዋት፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ ስንቀሰቅሰው፣
ያቃስታል፣ ያጓራል፣ እንዳመመው ሰው።
አቶ ደባልቄ፣ አለቃችን፣ ሪፖርት ሲጽፉ፣
እንግዳሸት በሒሳብ፣ እኔ በደብዳቤ፣ ቆመን በሰልፉ፣
የኢሜይሉ ሳጥን ወለል ብሎ ይውላል፣
ማነህ ሳይል፣ ያገኘውን ሁሉ «ግባ» ይላል።

ደብዳቤ ሳይነበብ የላኪው ስም ይወፍራል፣
የማያውቅ ካለ ልንገረው፣ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤
አንዴ ከከፈቱት ግን ወዲያው ይቀጥናል፣
ዐይን እንደ ላሰው ሁሉ ይመነምናል።

አንድ ሰኞ ማለዳ ገብቼ ብከፍተው፣
ከደብረ ብርሃን፣ ከዞኑ፣ የምጠብቀው፣
«የዝውውር ማመልከቻህ ደርሶናል» የሚለው መልስ
ቀጥኖ አገኘሁት፣ እኔ ገና ሳልደርስ።

«ብርዱ መረረህ አሉ!» አሉኝ አቶ ደባልቄ፣
ሻይ ቤት፣ በሰው መሐል።
ሣቅሁ ከሳቂው ጋር፣ ንዴቴን በብርጭቆው አምቄ።
ማን ይሆን ያየብኝ ስል፣ ሳወርድ ሳወጣ፣
እንግዳሸት ላይ አረፈ የጥርጣሬዬ ዕጣ።
ማስረጃዬ? ከሁላችን ቀድማ ቢሮ መምጣቷ።
ሌላስ?
ዝም ማለቷ።

አቤኔዘርን ጠራሁት፣ የኮምፒውተር ጠጋኝ፣
ሞላሌ ሠርቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ።
ማስቲካውን እያኘከ፣ «ይምረጡ» አለኝ፣ «የይለፍ ቃል፤
የልጅዎ ስም አይሁን፣ የትውልድ ዓመትዎም ያስታውቃል።»
ፊቱን አዞረልኝ። ጻፍሁ። ወጣ ስምንት ጥቁር ነጥብ፣
እንደ ባቄላ ዘር የተደረደረ በመደብ።

ሊሄድ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፤ ይሄ መስኮቱን ነው የዘጋው፤
ደብዳቤዎቹ ከጓሮ፣ ፎልደር ውስጥ፣ እንዳሉ ናቸው።
መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሳያንኳኳ ይገባል።»
«ታዲያ ምን ሠራህልኝ?»
«ጨዋውን ያግዳል።»

ጨዋውን ያግዳል! መቶ ሃምሳ ብር ቆጥሬ።
የመንዝ ሰው ነኝ፤ ያለ ጭቃ የቆመ ካብ አውቃለሁ፣
በግ እንጂ ሌባ እንደማይመልስ አይቻለሁ።
ቢሆንም እንክበዋለን።

ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ጣቶቼ ደበደቡ፣
እስኪለምዱት፣ እኔን ሳይጠይቁ፣ ሳያስቡ።

ጥር ላይ ሳምባ ምች ጥሎኝ ሆስፒታል ተኛሁ።
ስልክ ጮኸ። እንግዳሸት፦
«የበልጉ ዘር ውል መጥቷል፣ አንተ ሳጥን ነው ያለው፤
ዛሬ ካልፈረምን ገበሬው ዘር የለው።
ቁልፉን ንገረኝ።»
ዝም አልሁ። ሰስቼ አይደለም፤ ጠፋኝ!
አፌ ነግሮት አያውቅ፤ ጣቶቼ ናቸው ባለቤቱ።
ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ በብርድ ልብሱ ላይ፣
ዐይኔን ጨፍኜ፣ ቢሮ እንደ ተቀመጠ ሰው፣
መታሁ፣ መታሁ፣ ጣቴ የት እንደሚያርፍ ላይ።
ጎኔ የተኛው ሽማግሌ ቀና አለና፣
«ትኋን ነው?» አለኝ።

ፊደል በፊደል ነገርኋት። ጻፈች።
ትንሽ ቆየች።
«ይቺን ነው?» አለች፤ ዘጋችው።
(ለአንተ ግን አልነግርህም፣ ዛሬም እሱ ነው የሚሠራው።)

ስመለስ ዘሩ መጋዘን ገብቶ፣ አቧራው ገና አልሰከነም።
ሳጥኔን ከፈትሁ።
የገብሱ ደብዳቤ ብቻ ቀጥኗል፤ ሌላው አልተነካም።
ከሱ በላይ ሦስት፣ ከሱ በታች ሁለት፣
እንደ ከሰል ጥቁር፣ እንደ መጡበት ዕለት፤
አንዱ ከዞኑ ነው፦ «ዝውውርን ይመለከታል።»

እንግዳሸት ጀርባዋን ሰጥታኝ ደረሰኝ ትቆጥራለች፣
ጣቷን በምላሷ ታርሳለች።
አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፍቼ፣
ስለ ብርዱ አወራሁ።

ይኸው ሳምንቱ፤ ያ ስም እንደ ወፈረ ነው።
ጠዋት ጠዋት ስምንቱን ነጥብ እዘራለሁ፣
እጄን ወደሱ አስጠጋለሁ፣
እና የገብሱን ደብዳቤ ደግሜ አነባለሁ።