ሁለተኛው ብርጭቆ

እሑድ ጠዋት፣ ሉነቡርግ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ማድ ቤት፣
ወለሉ ወደ መስኮቱ ጥቂት ያዘነበለበት።
ከተማዋ ሥር ጨው ነበር፤ ዘመን ለዘመን ሲቀዳ
ምድሯ ሰጠመ፤ ዛሬም ግንቦቿ ይከፍላሉ ያንን ዕዳ፣
እንደ መሸታ ቤት ወዳጆች
ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው።

ከጠረጴዛው አንድ እግር ሥር የፒዛ ካርቶን አጣጥፌ
ሸጎጥኩና ተቀመጥኩ፣ ሰዓት ያዥ ሆኜ፣ ስልኬን ታቅፌ።
ኬብሮን አምስት ብርጭቆ ደረደረች፤ ዘጠኝ ነው ዓመቷ፤
ነጭ ሸሚዜን ጋዋን ብላ ለብሳለች፣ እስከ ጉልበቷ።

«የቱ ቶሎ ይሟሟል? ብላናለች ፍራው ሃርምስ።
መጀመሪያ ዝም ብሎ ማየት፤ ማንኪያ እንዳይደርስ።»

ስኳሩ ገባ። ሲወርድ ቀጭን ክር ከኋላው ጎተተ፣
ታች ደርሶ ጉብታ ሠራ፤ እዚያው ተጎለተ።
አምስት ደቂቃ። አስር። «አባ፣ ይሄ ሰነፍ ነው» አለች።
«ስኳር ሙቅ ይወዳል» አልኳት፤ እሷ ግን «ቀዝቃዛ» ብላ ጽፋለች፣
የጻፈችውን አታጠፋም፤ በዚህ እናቷን መስላለች።

ተራው የጨው። እዚህ ላይ ማንኪያ ተፈቀደ።
ድቅቅ ጨው፣ ከማዕዘኑ ሱቅ በሳንቲም የመጣ፤
ውሃው ደፈረሰ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ነጣ፣
ጠራ።
አርባ ሰከንድ። «ቀለጠ!»
«አልቀለጠም» አልኳት፣ «መቅለጥ የቅቤ ነው፣ እሳት ሲያገኘው፤
ጨው ይሟሟል።»
«ልዩነቱ ምንድነው?»
አሰብኩ። «የቀለጠ ነገር ራሱ ይፈሳል፤
የሟሟ ግን ሌላው ውስጥ ይገባል።»
ይህን አልጻፈችም። ሠንጠረዡ ላይ፣ በጀርመንኛ፣
«ጠፋ» ብላ ሞላች።
«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ይሉሃል» አልኳት፣
አባት የሆነ ሁሉ የሚለውን።
ቀና ሳትል፦ «ድንጋይ ቢሆን መች ይሟሟል?»

ሶዳው አንገራገረ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ፈጀ፤
ዱቄቱ ወተት መስሎ አታለለን፣ ቆይቶ እንደ ጭቃ ወረደ፤
ቁንዶ በርበሬው ላይ ላዩን ዋኘ፣ ማንንም አልለመደ።

ሦስት ሳምንት ነው እኔና ወይንሸት
የምንነጋገረው በሒሳብ ብቻ፦ የመብራት፣ የቤት፣
«ቁልፉ የት ነው?» «ቆሻሻው ወጣ?»
ሳልነግራት ለወንድሜ የላክሁት ገንዘብ ነው ያመጣው ጣጣ።

በሩ ተከፈተ። ከአረጋውያን መጦሪያው፣ ከሌሊት ተራዋ፣
ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች፣ ቦርሳዋ እንዳለ በጀርባዋ፤
ከአምስቱ የጠራውን፣ ንጹሕ የመሰላትን አንሥታ
ግማሹን ጨለጠች፣
የኬብሮን ጩኸት ሳይመጣ።

ገንዳው ላይ ተፋች። ሳለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።
ቁጣ ጠበቅሁ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ፤
እሷ ግን የገንዳውን ጠርዝ ይዛ
ሳቀች፤ ጉልበቷ እስኪታጠፍ ሳቀች።
«ማነው ባሕር ያጠጣኝ?» አለች፣ ዞራ ወደ እኔ።
ወደ እኔ። ሒሳብ የሌለበት ዐረፍተ ነገር።
መልስ አልነበረኝም፤ ከቧንቧው ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት፤
እያየችኝ አስቀድማ በከንፈሯ ቀመሰችው።
ከዚያ ሄዳ ተኛች። ሌላ ነገር አልተባለም።

ኬብሮን ላጲስ ፈለገች፤
ያቺ የጻፈችውን የማታጠፋ፣ «ጠፋ»ን አጠፋችው።
እንዲህም ጻፈች፦
«ሁለተኛው ብርጭቆ። ጨው። አርባ ሰከንድ።
አልጠፋም። እማዬ አግኝታዋለች።»

ማታ ዕቃ ላጥብ ስል የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሣሁ፣
ያንን ሰነፍ ስኳር። ወደ መብራቱ አዞርኩት።
ጉብታው የለም።
ማንኪያ አልነካውም፤ ማንም አልነካውም።
ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት አላውቅም፤
ሰዓት አልያዝኩም።