ሥራ፦ ይገለጽ

ማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ አስይዞ ላከኝ፣
በየበሩ ቆጥሮ ሳንቲም ሊከፍለኝ፤
ላይኛው ሎታ ነው፣ የከሰል ሰፈር፣
ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ በር ለበር።
ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ገቢ፤ አራት ባዶ መስመር።
ከ«ሥራ» ፊት ለፊት አንዲት ቃል ተጽፋለች፤
«ይገለጽ» ትላለች።
ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከባሕር አግድም ይመጣል፤
እስክሪብቶው በርዶት አልጽፍም ይላል።

የመጀመሪያው በር፤ ዶን ኖልቤርቶ ሪፎ።
ሳሉ ከፈተልኝ፣ እሱ ከኋላው ተደግፎ።
«ሥራ?»
«ከሰል ቆፋሪ ነኝ፣ ከውቅያኖስ በታች፤
ዓሣው ከአናቴ በላይ፣ እኔ ከዓሣው በታች።»
«ጉድጓዱ የተዘጋው እኔ በጡት ሳለሁ ነው» ብለው፣
እንደ ተማሪ አየኝ፣ ፊደል እንደሳተው።
«ሥራህ ምንድን ነው ነው ያልሽኝ፤
ማን ይከፍልሃል መች አልሽኝ?»
ጻፍኩት እንደ ቃሉ። ገቢውን ስጠይቀው
የመድኃኒት ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤
«ከጡረታዬ ላይ ቀንሺ፤ የተረፈው እሱ ነው።»
ቀነስኩ። ከዜሮ በታች የሚጻፍበት ቦታ የለውም ቅጹ።

ኦቲልያ ሲስተርናን ከቤቷ አጣኋት፤
ባሕር ዳር፣ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ፣ ወንፊት ይዛ አገኘኋት።
ማዕበል የሚተፋውን የከሰል ፍርፋሪ
ከአሸዋ ትለያለች፣ እንደ ጤፍ አበጣሪ።
«ቀጣሪሽ ማን ነው?» ስላት ባሕሩን በአገጯ ጠቆመች።
«ሲቆጣ ይከፍላል፤ ዝም ያለ ቀን ጦም ነው» አለች።
«የሥራ ሰዓትሽስ?» «ጨረቃን ጠይቂያት።»
ለጨረቃ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ አጣሁላት።
«በግል የምትሠራ» ከሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ፤
ስትፈርም አውራ ጣቷ ገጹን አጠቆረው፤ ሌላ ቅጽ አልቀየርኩ።

የርኮ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ኮንሴፕሲዮን ይመላለሳል፤
ሱፐርማርኬት ቆሞ የሰው አስቤዛ በፌስታል ይከታል።
ደመወዝ አይደለም የሚያገኘው፣ የገዢ ሳንቲም ነው፤
ግማሹ ለአውቶቡስ፣ ግማሹ ለመመለሻው።
መመሪያው እንዲህ ይላል፦ ባለፈው ሳምንት
ሥራ አለው ይባላል የሠራ አንድ ሰዓት።
የርኮ ከት ብሎ ሳቀ። «እናቴን ከጓዳ ጥሪያት፤
ልጅሽ ሥራ አግኝቷል፣ መንግሥት ነው ያለው ብለሽ ንገሪያት።»

ሴኞራ ኤርሚንያ ቤት አንድ ነገር ቆሟል፣
ነጭ አንሶላ ለብሶ፣ ወገቤ ድረስ ይሆናል፤
ገመድ ከሥሩ እንደ አይጥ ጅራት ወጥቷል።
ቅጹ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ?» ይላል።
አለ ከተባለ ነጥቡ ከፍ ይላል፣
ነጥቡ ከፍ ካለ የሦስት ልጅ ድጎማ ይነሣል።
ዓይኔ አንሶላው ላይ ነበር። እሷም አየችው።
«ማርያም ናት» አለችኝ፤ «ለጾሙ የሸፈንናት ነው።»
ፋሲካ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል፤
ከማርያም እግር ሥር ውኃ ይንጠባጠባል።
«የለም» ብዬ ጻፍኩ።

የራሴን ቤት ቅጽ ማታ አልጋዬ ላይ ሞላሁ።
ሥራ፦ ሥራ የሌለውን ሰው እቆጥራለሁ።
እስከ መቼ፦ እስከ ዓርብ። ዓርብ ከቆጠርኳቸው እደመራለሁ።

ሐሙስ ዕለት አለቃዬ አንዱን ቅጽ መለሰችው፤
በቀይ ከብባበታለች፦ «እንዲህ ያለ ሥራ የለም፤ አርሚው።»

ወጣሁ ወደ ሰፈሩ። ሳሉ ከፈተልኝ።
ነገርኩት፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ አፌን እየያዘኝ።
ኖልቤርቶ አልተቆጣም። ከምስማሩ ላይ
የራስ ቁሩን አወረደ፣ መብራቱ የጠፋውን፣
ክርኑ ላይ ፈትጎ አየውና አቧራውን
መልሶ ሰቀለው።

«ታዲያ ምን ሁን አሉኝ?» አለ።

እስክሪብቶውን በትንፋሼ አሞቅኩት፣ አንዴ፣ ሁለቴ።
ዝናቡ አግድም ገባ፣ ክፍት በተውኩት በር፣ በጀርባዬ፣ በአንገቴ።