የጠጠር ውርወራ

ለባጃጅ ተራ ደንብ፣ ለሥጋ ቤት ደንብ፣ ለአጥር ከፍታ ደንብ
ያረቀቅሁ ሰው ነኝ፤ ውሃ ግን አላውቅም፤ የት ነው ወሰኑ፣ የት ነው ግንቡ ለግንብ?

ሰኞ ጧት ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ ተኝቶ፣
«በቦዬ ለሚሮጠው ሞተር እስከ ዓርብ መመሪያ ይዘጋጅ» ይላል፣ ማኅተም ተመቶ።

ሞተሩ የነዚፍ ነው፤ ከዱባይ መጥቶ ጅቡቲ ላይ ሦስት ወር የከረመ፣
ሰሌዳ የለው፣ ቦሎ የለው፤ እንደ በቅሎ ይጋለባል፣ ይጮኻል እንደ ወፍጮ የታመመ።
እሑድ እሑድ ጅማ ወደ ዳሩ ይወጣል፤ ሙሽራ ይቀረጻል፣ ልጅ ያጨበጭባል፤
አንድ ዙር መቶ ብር።
እውነቱን ልናገር፦ እኔም ዞሬአለሁ፤
ሃምሳ አንድ ዓመቴን ዳር ላይ ከጫማዬ ጋር ትቼ፣ እንደ ልጅ ጮኼአለሁ።

ግን ጨፌ አጫጇ ዙበይዳ መጣች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበት ርሶ፤
«ያሰርሁትን ነዶ ማዕበሉ ወሰደው» አለች፣ «ማን ይስጠኝ መልሶ?»
ጉማሬዋም ግልገሏን ይዛ ከለመደችው ጥግ ተነቅላ፣
ሁለት ሌሊት አነጋች፣ የሰው እሸት በልታ፣ የቀረውን ረግጣ ጥላ።

ኮሚቴ ተቀመጥን። አንዱ «ፍጥነቱ በሰዓት ሃያ»፣
አንዱ «ጭራሽ ይከልከል»፤ ሌላው «ተዉ እንጂ፣ ለከተማው ገበያ!»
«ከጉማሬዋስ ስንት ሜትር ይራቅ?» ሲባል
ሁሉም ዝም፤ የጣሪያው አምፖል ብቻ ይንጫጫል።

ሐሙስ ከሰዓት ብቻዬን ወረድሁ ወደ ዳር፤
አባ ራያ ነበሩ፣ በተቀደደ መረብ ላይ አቀርቅረው፣ ጥርሳቸው ላይ ክር።
«አርባ ዓመት ሲያጠምዱ» አልኋቸው፣ «ከእሷ ስንት ይርቃሉ?»
አልመለሱም። ጎንበስ ብለው ጠጠር አነሡ፤
ጨፈቅ። ክቦቹ ሰፍተው፣ ሳስተው፣ ደንገሉ ዘንድ ደረሱ።
«እዚያ ድረስ የእኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የእሷ» አሉኝ። «ክንዴ ሲደክም ደግሞ
የእሷ ይሰፋል፣ የእኔ ይጠብባል፤ እንዲህ ነበር ቀድሞ።»

ሜትር ዘረጋሁ፦ ሠላሳ ስምንት። ኮሚቴው አርባ አለው፣ ለአፍ እንዲመች፤
የአባ ራያ ጠጠር ቁጥር ለብሳ አንቀጽ አራት ላይ ተቀመጠች።

ክረምት ገባ። ቦዬ ሞላ። «ከዚህ ወዲያ ሞተር ክልክል ነው» ያልንበት ሰሌዳ
እስከ አንገቱ ሰጠመ፤ «ከዚህ ወዲያ» ብቻ ይነበባል፣ ለወዳጅም ለባዳ።
ጉማሬዋ፣ ሲሉ ሰማሁ፣ ሌሊት ጀርባዋን ታክክበታለች።

ነዚፍ እዚያ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ በእጁ ይቀዝፋል፤ አንዳንዴም ያልፋል በርሮ።
ያን ጊዜ አባ ራያ ይነሣሉ፣ ይወረውራሉ፤
ጠጠሯ ወደ እኛ ቀረብ ብላ ትወድቃለች፣ ከአምናው ይልቅ ዘንድሮ።