አጠንጥነው ይመልሱ

ቫልፓራይሶ ውስጥ፣ ከወደቡ በላይ፣
በገመድ የሚሳብ ፉርጎ ሽቅብ ሲያዘግም ከመስኮቱ ሲታይ፣
የዶን ኤሌውቴሪዮ ቪዲዮ ቤት ነበር፤
እንደ ኪስ የጠበበ፣ የሚሸት ካርቶንና የባሕር አየር።
በሩ ላይ በቀይ እንዲህ ይላል ጽሑፉ፦
«አጠንጥነው ይመልሱ። ያላጠነጠነ መቶ ፔሶ አለበት፤ በሰበብ አይልፉ።»

አጠንጣኙ እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ፣
ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከነዩኒፎርሜ፣ ከነባዶ አንጀቴ።
አላየውም እንጂ አውቀዋለሁ፤ ማሽኑ ሲያጓራ
ጥይት ወደ አፈሙዙ ይመለሳል፣
ሟች አቧራውን አራግፎ ይነሣል።

በየሽፋኑ ውስጥ ዶን ኤሌውቴሪዮ ባዶ ወረቀት ያኖራል፤
ያየ ሰው እንዲጽፍ፦ ፊልሙ ደግ ነው ወይስ ያማርራል?
ሰውም ይጽፍ ነበር
በእርሳስ፣ በከንፈር ቀለም፣ በሐኪም ፊደል፣ በስካር።

«ገዳዩ አትክልተኛው ነው!» ብሎ ገና በመጀመሪያው መስመር
የሰውን ሌሊት የሚሰርቅ አንድ ስም የለሽ ነበር።
«ይሄን ሰው ሳልይዝ አልሞትም» ይላል ዶን ኤሌውቴሪዮ ምሎ፣
የእጅ ጽሑፍ ከእጅ ጽሑፍ ሲያስተያይ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።
(ሞተ። አልያዘውም።)

ዳቦ ጋጋሪዋ ኢስሜኒያ በሳምንት ሁለት ትወስዳለች፤
ሌሊት ሊጡ እስኪነሣ ታያቸዋለች።
«መርማሪው አይበላም» ብላ ጻፈች፤ «ሦስት ቀን ሙሉ ሲያባርር
አንድ ቁራሽ አልቀመሰ፤ በባዶ ሆድ እንዴት ይፈታል ምሥጢር?
ሚስቱ ጥላው ብትሄድ አልፈርድም። ከዚያ ሁሉ ተኩስ
ያስለቀሰኝ ሾርባው ነው፤ ቀዘቀዘ፣ ሳህኑን ማንም ሳይዳስስ።»

ጡረተኛው ፖሊስ ዶን ባልታሳር ግን ስሕተት ይለቅማል፣ ጠጠር ከምስር እንደሚለቀም፦
«ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ዘጠኝ ተኮሰ። ደምም እንዲህ አይቀላም።
ምርመራ ሩጫ አይደለም፤ መቀመጥ ነው፣ ወረቀት መሙላት፣
አንዳንዴም ወረቀት ማጥፋት።»
የመጨረሻዋን ቃል ሰርዟታል።
አምፖሉ ፊት ሳነሣት ግን ትነበባለች።

ሴኞራ ኦርቴንሲያ ምንም አትጽፍም ነበር።
ማክሰኞ ትመጣለች፣ ኪራይ በግማሽ ሲሆን፣
ግድያ ያለበትን ትመርጣለች፣
ሳታጠነጥን ትመልሳለች፣
መቶ ፔሶዋን ባንኮኒው ላይ ቀድማ አስቀምጣ።
ስንፍና መስሎኝ ነበር።
አንድ ቀን ካሴቷን የቆመበት ላይ አጫወትኩት፤
በሌላው ማክሰኞም፣ በሌላውም።
ሁሉም የሚቆሙት እዚያው ነው፤
ገና ሲጀምር፣ ነጩ ጨርቅ ከፊት ላይ ሲገለጥ።

በነሐሴ፣ ዝናብ ቀን፣ ወረቀቱ ተጽፎበት መጣ፦

«በፊልም ሁልጊዜ ይገኛል።
ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ውሻ ያገኘዋል፣ ዓሣ አጥማጅ ያገኘዋል።
እናቱን ይጠሯታል። እሱ ነው? ይሏታል።
እሱ ነው ትላለች።
ማን ገደለው የሚለውን የቀረውን ሰዓት
እናንተ እዩት።
እኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣
የጠራኝ የለም።
ኦርቴንሲያ፣ የራሚሮ እናት።»

ቀጥሎ የወሰደው ዶን ባልታሳር ነበር።
ሦስት ሳምንት አቆየው።
የዘገየበትን ሳይከራከር ከፈለ፤ ቀና አላለም።
ስለ ሽጉጥ አልጻፈም። ስለ ደምም።
ከእሷ ጽሑፍ ግርጌ አንድ መስመር ጽፎ፣
ሰርዞ፣ ደግሞ ሰርዞ፣ ወረቀቱ ተቀዷል።
አምፖሉ ፊት ያዝኩት፤
በቀዳዳው አምፖሉን ብቻ አየሁ።

ሁሌ አጠንጥኖ የሚመልስ ሰው ነው።
ያን ቀን አላጠነጠነም።
የት እንደቆመ ለማየት ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት፤
ነጩ ጨርቅ፣ የተንጠለጠለ እጅ።

ለዶን ኤሌውቴሪዮ አልነገርኩትም።
ከኪሴ መቶ ፔሶ ሣጥኑ ውስጥ ጣልኩ፣
ካሴቱንም እንደቆመ
መደርደሪያው ላይ መለስኩት።