የሚያበቃበት ቀን

አርቪድስ፣ ከሆስፒታል ያመጣኋቸው
የእርጎ ኩባያዎች አሥራ ሰባት ናቸው።
አንዱ ባንዱ ተሰክቶ ከመደርደሪያው ጫፍ
ነጭ ምሰሶ ሠርቷል፣ ግድግዳ ሳይደገፍ።

ሁለት ማንኪያ ቀምሰህ "በቃኝ" ስትል
የቀረውን እኔ ጨርሼ፣
ቧንቧው ሥር አለቅልቄ
ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ።
ነርሷ አየችኝ አንዴ፤ ምንም አልነገርኋት።
ማንኪያህ የነካውን
በምን አንጀቴ ልጣል? ምን ልበላት?

ማርች ገባ። የሊየፓያ ነፋስ
ከባሕሩ ተነሥቶ መስኮት ይነቀንቃል፤
የበረንዳው በረዶ ቀን ቀን ጠርዙ ላልቶ
ማታ መልሶ ይደርቃል።
መሳቢያህን ከፈትሁ።
ከሚስማር፣ ከባትሪ፣ ከተሰበረ መነጽር መሐል
አንድ የጋዜጣ ጥቅል፤
በእርሳስ ተጽፎበታል፣ ፊደሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፦
"የአክስት ሚርዛ ቲማቲም። አትቸኩዪ።"
ለኔ ነው የጻፍኸው?
ለኔ ነው። ከኔ ሌላ
በዚህ ቤት ማን አለ ቸኳይ?

አፈሩን ራይቪስ፣ የጎረቤት ልጅ፣
እያለከለከ አምስተኛ ፎቅ አወጣ፤
"ለእርጎ ነው እንዴ አፈሩ?"
ብሎ ሳቀ በኔ ጣጣ።

ሦስት ሦስት ፍሬ ጣልሁ፣
የኬክ ክዳን ደፋሁ፣
ከማሞቂያው በላይ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርሁ።
አጠጣሁ።
ጠዋት አጠጣሁ። ማታ አጠጣሁ።
ሌሊትም ባነንሁ፣
ከንፈርህን በጥጥ በማረጥብበት ሰዓት፤
እጄ ሰዓቱን ለምዶታል፣
ሌላ የሚያረጥበው ሲያጣ
እነሱን አጠጣ።

በዘጠኝ ቀን ወጡ።
በአሥራ ሦስት ቀን ተኙ።
ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት
ጠቁሮ፣ እንደ ክር ሰልሎ፤
አፈሩን አሸተትሁት፦
ሳይቀየር የሰነበተ የአበባ ውሃ።
ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም።
ሃምሳ አንድ ፍሬ! አክስትህ ብታይ
በመጥረጊያ ታባርረኝ ነበር።

ራይቪስ አንዱን ኩባያ አንሥቶ
ከታች ወደ ላይ አየው፤
"ቪዝማ፣ መውጫ የለውም እኮ ውሃው!"
"አልበሳሁትም።"
"ለምን?"
ምን ብዬ ላስረዳው ለአሥር ዓመት ልጅ፣
ያንተን ኩባያ ለመብሳት
እንደማይታዘዘኝ እጅ?

በዚያው ማታ ግን
ሚስማርህን በጉጠትህ ይዤ
ምድጃው ላይ አጋልሁት፤
የመጀመሪያውን ዓይኔን ጨፍኜ ወጋሁት።
ጭስ አለ፤ የሚከረፋ፣ የተቃጠለ ላስቲክ፤
ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ መስኮት ከፈትሁ፣
ነፋሱ ገባ ያለ ልክ።
ሁለተኛው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
አምስተኛው ላይ ቀዳዳው ተጣመመ፤
ዘጠነኛው ላይ፣ ይቅር በለኝ፣
ራት ምን ልብላ እያልሁ ነበር።

ከጋዜጣው እጥፋት ውስጥ
ሰባት ፍሬ ተጣብቆ ተረፈ።
ለሰባት ኩባያ አንድ አንድ ሰጠሁ።
አሥሩን ራይቪስ ወሰደ፤
ለምን እንደሚሆነው አልጠየቅሁም፣
እሱም ሊነግረኝ አልደፈረ።
እንግዲህ አልቸኩልም ብዬ
በእርሳስህ ምልክት ቀን መቁጠሪያው ላይ አሠርሁ፤
በሦስት ቀን አንዴ፣ በሻይ ማንኪያ፤
ሌሊት ስባንን
እጄን ትራሱ ሥር ቀበርሁ።

ዛሬ ኤፕሪል ሁለት ነው።
የመጨረሻው ኩባያህ ጎን ላይ
በጥቁር ቀለም ታትሟል፦
"ከኤፕሪል ሁለት በኋላ አይጠቀሙ።"
ከጽሑፉ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ
የፍሬውን ቅርፊት
እንደ ባርኔጣ አጥልቆ፣
አንገቱ ገና ያልቀና አንድ አረንጓዴ
ቆሟል፤
ማንበብ የማይችል።

አንድ ማንኪያ ውሃ ሰጠሁት።
ጠበቅሁ።
ከሥር፣ ከሳህኑ ላይ፣
ጠብ አለ።