ኬክሮስና ኬንትሮስ

ሲራጅጎንጅ ከተማ፣ ከጆንያ መጋዘኑ ጀርባ፣
ሰባት ኮምፒውተር ካለበት፣ ማራገቢያው ከሚያቃስት ክፍል ስገባ፣
ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ጫማዬን ከበር አወለቅሁ።
ስሜን ሲጠይቁኝ «ሞይና» አልሁ፤
መንደሬን ሲጠይቁኝ ግን ዘገየሁ፤
«የአምናዋን ነው ወይስ የዘንድሮዋን?» አልሁ።

መምህር ኒርማል ባቡ ሳቁን በመሃረብ አፈነ፤
ጠመኔ አንሥቶ «ምድር ሦስት ነገር ናት» ሲል በየነ፦
«ነጥብ ማለት ጉድጓድ፣ የመስጊድ ደጅ፣ አንዲት የማንጎ ዛፍ፤
መስመር ማለት መንገድ፣ ግድብ፣ ጀልባ የሚታሰርበት አፋፍ፤
ስፍራ ማለት ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም፤
መነሻውን የሳተ ግን ስፍራ አይባልም።»
የእኔን መነሻ ወንዝ በልቶታል፤ አልጠየቅሁም።

ንብርብር የሚባለው ወዲያው ገባኝ፤
እናቴ አሮጌ ሳሪ ደራርባ የሰፋችው ብርድ ልብስ ታየኝ፤
ከሥር የሰማይ ፎቶ፣ ከላዩ ወንዝ፣ ከላዩ ማሳ፣
አንዱን ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ሌላ የሚነሣ።

ያልገባኝ እነዚያ መንትዮች፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፤
አንዱ ከምድር ወገብ ሽቅብ ሲቆጥር፣ አንዱ ወደ ጎን ሲገሰግስ።
የቱ እንደሚቀድም ሳልይዝ፣ ቁጥሮቹን አገላብጬ ብጠራ፣
መንደሬ ተነሥታ በረረች፣ ወደ ሰሜን ዋልታ ጎራ።
ዳክዬዎቹ፣ የሙዝ ተክሉ፣ የአጎቴ አንካሳ በሬ
በረዶ ላይ ተሰለፉ፤ አንዲት ቀይ ነጥብ ሆነች መንደሬ።
ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ስቄ «ይሁን፣ በረዶም ደረቅ ነው» ብል፣
«ከሥሩ ባሕር ነው፣ ሞይና» አለኝ፣ መነጽሩን ሲያስተካክል።

በጥቅምት ውሃው ሲጎድል፣ ጂፒኤሱን በፌስታል ጠቅልዬ
ከሾምሸር ማጂ ጋር ወጣሁ፣ በጀልባው አፍ ላይ ተደላድዬ።
ሽማግሌው ማንበብ አይችልም፤ ቀርከሃውን እስከ ክንዱ ሰድዶ
«እዚህ የኢድ ሜዳ ነበር» ይላል፤ ጥቂት ሄዶ፣
«እዚህ ደግሞ የእህቴ መቃብር»። ድምፁ አይሰበርም፣ ለምዶ።
እኔም ውሃው ላይ ነጥብ ጣልሁ፤ ለያንዳንዱ ስም ሰጠሁት፤
መሣሪያው ጢጥ ሲል «ምን አለ?» ቢለኝ፣ «ሰማሁ አለ» አልሁት።

በሳምንቱ ሾምሸር ማጂ ክፍላችን ድረስ መጣ፤
ከብብቱ ሥር፣ ከላስቲክ ውስጥ፣ የነተበ ወረቀት አወጣ።
«ካርታ አለኝ» አለ።
«እኔም አለኝ» አልሁት፣ ስክሪኑን ወደ እሱ አዙሬ።
የእሱ ካርታ ባለ ማኅተም፣ «መሬት አለህ» የሚል ለባለቤቱ፤
የእኔ ካርታ ባለ ቀለም፣ «ውሃ ነው» የሚል ቤቱን፣ ደጁን፣ ርስቱን በሙሉ፣ እስከ ሽንት ቤቱ።

ወረቀቱን ስካነር ላይ እንደ ሕፃን አስተኝቼ፣
ወንዝ ያልበላው ምልክት ፈልጌ፣ የባቡር ድልድይ፣ የጡብ ፋብሪካ አግኝቼ፣
አራቱን ማዕዘን ከሰማዩ ፎቶ ጋር ሰፍቼ፣
ቀለሙን ሳሳሳው፣ ከሰማያዊው ሥር ታየ፤
የአባቱ አጥር ከጎረቤቱ አጥር ተለየ።
መዳፉን ስክሪኑ ላይ ጫነ፤ ብርሃኑ በጣቶቹ መሃል ሾለከ።
«ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አለ፤ «ወንዝ የበላውን ሲተፋ፣ ደለሉ ዳግም ሲወጣ፣
ይህችን ይዤ ነው እዳኛው ፊት የምመጣ።»
ዳኛው ይቀበል እንደሆን እኔ አላውቅም። ኒርማል ባቡም አያውቅም። ዝም አልን።

ማታ ብቻዬን ቀርቼ የማጂውን ድንበር በማውስ ዞርሁ፤
ነጥብ በነጥብ፣ በውሃ ላይ፣ እመነሻው ድረስ ተመለስሁ።
ገጠመ። ስሙን ጻፍሁ።
ከግርጌው ቀኑን ጻፍሁ፤
እኛ ወንዝ ዘንድ፣ ቀን የሌለው ካርታ ሐሰት ነው።
አስቀመጥሁት። መብራት ጠፋ፤ ክፍሉን ጨለማ ዋጠው።
ከመጋዘኑ ማዶ፣ ከዳርቻው፣ አንድ ነገር ሲናድ ሰማሁ፤
አንድ የጋሪ ጭነት አፈር፣ ምናልባትም ሁለት።
ጫማዬን በዳበሳ ፈለግሁ።
የጻፍሁት ቀን ግን ገና የዛሬ ነው።