የመንጋጋ ቁልፍ

ሰው ሁሉ የሚያማው፣ ባሌ ሲያንኮራፋ፤
እኔ የምፈራው፣ ያ ድምፁ ሲጠፋ።

አዘዞ ነው ቤታችን፣ ከአስፋልቱ ዳር ጥግ፣
የመተማ ጭነት ሌሊቱን ሲያዘግም፤
አይሱዙው አይሰማ፣ ውሻው አይሰማ ከደጅ፣
የሙሉአዳም ጉሮሮ ነው የሚሰማ እንጅ።

ያንኮራፋል... ያንኮራፋል... ከዚያ ቀጥ።
ደረቱ ብቻውን ይታገላል፣
አፉ ክፍት፣ አየር የለም።
እቆጥራለሁ።
ጣቴን ከአፍንጫው ሥር አስጠግቼ፣
አሥር፣ አሥራ አምስት፣
ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣
ስሙን ልጠራ ስል፣ ከውኃ እንደ ወጣ ሰው
ጓጉሮ፣ ተንፈራግጦ፣ ነፍሱን ይመልሳል፤
ጠዋት ስነግረው ግን ከት ብሎ ይስቃል፦
«የሞተ ሰው ደግሞ ቁርሱን ይጎርሳል?»

አማቴን ባማክር፦ «የአባቱ ነው፣ ተይው፣
ያላንኮራፋ ወንድ ምኑን ወንድ አለው?»
ጎረቤቴ ዘርትሁን፦ «ጥላ ነው የሚያፍነው፣
ደረቱ ላይ ወጥቶ፤ ጠበል ውሰጅው።»
ወሰድኩት። ጠበሉን አልነቅፍም እኔ፤
እዚያም ተኝቶ ግን አንኮራፋ ጎኔ።

ሰኔ ላይ፣ በጠራራ፣ ሳሙና በር አጠገብ፣
ሚኒባሱን እንደ ያዘ አንቀላፋ፤
ጎማው ቦይ ገባ።
ሰው አልተነካም፣ እግዜር ይመስገን፤
የአንዲት ሴት ቲማቲም ብቻ፣ ሁለት ሣጥን።
ያን ዕለት ሣቁን ተወ።

በሐኪም ቤት አንድ ሌሊት
ጣቱ ላይ መቆንጠጫ አስረው አሳደሩት፤
እኔ በጣቴ የቆጠርኩትን
በወረቀት ላይ አወጡት።
«መካከለኛ ነው» አሉ፤ «ጥርስ ሐኪም ያየው።»
ጥርስ? የታመመው ጉሮሮው፣ ምን አገናኘው?

ፒያሳ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው የተሸረፈ፤
ዶክተር ትርንጎ መብራቷን አዙራ
አፉን እንደ ጎተራ አየችው፦
«ስትተኛ መንጋጋህ ወደ ኋላ ይሸሻል፤
ምላስህም ሰክሮ እንደ ዘበኛ
ከበሩ ላይ ይጋደማል፤
ገቢም የለ፣ ወጪም የለ።
እኛ መንጋጋውን ወደ ፊት እንይዛለን፣ ምላስም ይከተላል።
ለሁሉ አይሆንም ታዲያ፤ ካልበጀህ፣
የሚነፋ ማሽን አለ፣ ጭንብል ያለው።
አሁን ግን መጀመሪያ የተቦረቦረችውን እንሙላት፤
በሚወላገድ ካስማ ድንኳን አይተከልበት።»

ሮዝ ሊጥ በብረት ሰፍራ አፉ ውስጥ ስትከት፣
የመተማን ቁልቁለት ያልፈራው ሰውዬ
የወንበሩን ክንድ ጨብጦ፣ እንባው መጣ።
ሦስት ደቂቃ።
የጥርሱ አሻራ ወጣ፣ እንደ ጅብ ዱካ በጭቃ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ፦
ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ላይና ታች ሆኖ የሚቆላለፍ፣
በጎንና በጎኑ ብሎን፣
ከብሎኑም ጋር ቁልፍ፣ ከመርፌ የማይገዝፍ።
«በየሦስት ሌሊቱ አንድ ዙር» አለች፤ «ሩብ ሚሊሜትር።»
ቁልፉን ለእሱ አልሰጠችም። ለእኔ።

ጠዋት ጠዋት ጥርሱ አይገጥምም፤ ቆሎ አይሞከር፤
ምራቁ ትራሱን አራሰ፤
«እንዴት አደርክ?» ስለው፣
«እዥጌር ይመሽገን» ይለኛል፣ እንደ ሁለት ዓመት ልጅ።
ተበሳጨ፣ አወለቀው፣ ከመስኮቱ አስቀመጠው፤
ሃያ ሦስት መቁጠሬን በስልክ ቀድቼ አሰማሁት።
ዝም አለ። ራሱ አነሣው፣ ራሱ ጎረሰው።

በስድስተኛው ዙር
ሌሊቱ ድምፅ አጣ።
ይሄው፣ አይሱዙው ተሰማኝ፣ ውሻውም ተሰማኝ፣
የቆርቆሮው ጠብታ፣ የሩቅ ደወል፣
ዓመታት ሙሉ ያልሰማኋት አዘዞ።
እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ፤ ጆሮዬ ለምዶ
የሚጠብቀው ነገር አጣ።
እጄን ደረቱ ላይ ጣልኩ፤
ይነሣል፣ ይወርዳል፤
ባዶውን አልቆጠርኩም አሁን፣ እስትንፋሱን እንጅ፤
ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ...

ሲነጋ ሙሉአዳም ቀድሞኝ ተነሥቷል፤
ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ እያየኝ ይስቃል፦
«አንች ሴት፣ ቁልፉን ወዲህ በይው፤
ሌሊቱን ሙሉ ነው ስትቆርጭ ያደርሽው፤
ግንድ በመጋዝ እንደ ሚቆርጥ ሰው!
ያንችንስ ማን ይቁጠረው?»